ሀጀራ አፏን ያዋሰቻት ሙሽራ

ንጉሡ የሚባለው ዘማች ተማሪ ወደ ሀጀራ ሱቅ የመጣው በግንቦት ስልሳ ሰባት፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ነው። የመካነ ሰላም ገበያ ገና ሞቅ አላለም። ሀጀራ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ በክንዷ እየለካች ከጎረቤቷ ከወርቂቱ ጋር ወሬ ይዛለች። ልጁ ካኪ ለብሷል፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል፤ አነጋገሩ የአዲስ አበባ ነው።

"እትዬ፣ ነጭ አቡጀዲ ፈልጌ ነበር። ሰፋ ያለ።"

"ምን ያህል?"

"ግድግዳ የሚያለብስ።"

ሀጀራ ቀና ብላ አየችው። "ግድግዳው ነው የሞተው?"

ወርቂቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሀጀራ ሱቅ አቡጀዲ ለሠርግ ወጥቶ አያውቅም። ረሃቡ ያፈናቀለው ሰው ወደ ከተማው እየገባ በየአጥሩ ሥር ሲወድቅ፣ ጨርቁ ለከፈንና ለመግነዝ ነበር የሚቀደደው። ሀጀራ ሟቹ እስላም ይሁን ክርስቲያን ሳትጠይቅ ቀድዳ ሰጥታለች። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጨርቅ ስትጠየቅ እጇ ቶሎ አይዘረጋም። አፏ ግን ያው እንደ ድሮው ነው።

ንጉሡ ነገሩን አስረዳ። ከደሴ የፊልም ማሳያ መጥቷል። ስለ መሬት አዋጁ የሚያስተምር ፊልም ነገ ከሰዓት በኋላ ባዶው የእህል መጋዘን ውስጥ ይታያል። ሥዕሉ የሚያርፍበት ሸራ ግን ደሴ ተረስቶ ቀርቷል።

"ተውሰን እንመልሳለን፣ እትዬ።"

"የባላባቱን መሬት ወስዳችሁ መልሳችኋል እንዴ?"

"እሱማ የሕዝብ ነው!"

"ጨርቁ ግን የእኔ ነው" አለች ሀጀራ። "እሰጣለሁ። ነገር ግን ጨርቄ ባለበት እኔ አለሁ። ከጎኑ በርጩማ አድርጉልኝ።"

ይህን ስትል የከተማው ሕዝብ በሙሉ ፊት ለፊቷ እንደሚቀመጥ አላሰበችም። ከሕዝቡ መካከል አህመድ እንደሚኖርም ትዝ አላላትም።

አህመድ ባሏ ነበር። ረጅም፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሄድ፣ ከሰው ይልቅ ከበቅሎ ጋር ብዙ የሚያወራ ነጋዴ ነው። በስልሳ አምስት ሚያዝያ፣ ክፉው ቀን ሲጠና፣ ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም ጤፍ አመጣለሁ ብሎ ተነሣ። ሀጀራ "ያለችንን ተቃምሰን እንከርማለን፤ አትሂድ" ብላ ለመነችው። እሱ ጎህ ሳይቀድ ሦስት በቅሎዎቹን ነድቶ፣ ሳይሰናበታት ወጣ። ክረምቱ ገባ፤ አህመድ የለም። መስከረም ጠባ፤ የለም። ሞቷል ተባለ። ሀጀራ አለቀሰች፤ ሰደቃ አወጣች፤ ጥቁር ለበሰች። ከዚያ በታኅሣሥ አንድ ጧት፣ እህል የለ፣ በቅሎ የለ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ ደጃፏ ላይ ቆመ።

የት ነበርክ አላለችውም። ያን ጋቢ ማን ፈተለልህ ብላ ለመጠየቅ ኩራቷ አልፈቀደላትም። እሱም አፉን አልከፈተም። "ፍታኝ" አለችው። ፈታት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ በአንድ ገበያ እየዋሉ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው መንገድ ይለውጣል። የከተማው ሰው ለማስታረቅ ሞክሮ ሞክሮ ደክሞት ትቶታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞላ። የቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ በጭቃና በጨርቅ ተደፍኖ ውስጡ ጨልሟል። ወንዱ በግራ፣ ሴቱ በቀኝ፣ ልጆቹ ከፊት ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። የሀጀራ አቡጀዲ ከግድግዳው ላይ በሚስማር ተወጥሯል። እሷ ከጎኑ በርጩማዋ ላይ ሆና ጨርቁን የሚነካውን ልጅ ሁሉ በዓይኗ ትቆነጥጣለች።

ከደሴ የመጣው የፊልም ሠራተኛ ፈንታው ይባላል። ቀጠን ያለ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ሊጀመር ሲል የፊልሙን ቆርቆሮ እንደያዘ ወደ ፊት መጣና ንጉሡን ከሀጀራ በርጩማ አጠገብ ሳበው።

"ቆርቆሮው ላይ 'መሬት' ይላል። ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው።"

"ምንድን ነው?"

"የፍቅር ነው። ጥንት ደሴ ሲኒማ ቤት ይታይ የነበረ። ድምፅ የለውም።"

"ተበላሽቶ?"

"ሲሠራም አልነበረውም። ፊልም መናገር ሳይጀምር የተሠራ ነው። መጀመሪያው ተቀድዶ ስለጠፋ ስሙን እንኳ አላውቀውም። መጨረሻውም የለም። ደግሞ እንዲህ ያለው የጥንት ፊልም እንደ ባሩድ ነው፤ ሙቀት አይችልም።"

ንጉሡ ሕዝቡን አየ። ከወግዲ መንገድ ጭምር በእግሩ የመጣ ገበሬ አለ። "አሳየው" አለ ፈርጠም ብሎ። "ማብራሪያውን እኔ እሰጣለሁ።"

ሞተሩ ውጭ መንኳኳት ጀመረ። ብርሃኑ አቡጀዲው ላይ ሲያርፍ ሴቱ እልል አለ። አንዲት ኮረዳ ብቅ አለች፤ ፀጉሯ አጭር፣ ዓይኗ ዙሪያውን ኩል የተኳለ፣ ከንፈሯ ጥቁር ነው። ቀጥሎ ጺሙ ወደ ላይ የተጠመዘዘ፣ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ መጣ። ንጉሡ በዱላ ጠቆመው።

"ይህ ፊውዳሉ ነው! የሕዝብ ደም መጣጭ ነው!"

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ከመንገድ ላይ ቡችላ አነሣና አቅፎ ሳመው።

"ደግ ሰው ነው እኮ!" አለ ከወንዶቹ አንዱ።

"ማታለያ ነው!"

"ቡችላውን ነው የሚያታልለው?"

መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። ሥዕሉ ተቋርጦ የባዕድ አገር ጽሕፈት መጣ። "ምን ይላል?" ተባለ። ንጉሡ ቋንቋውን አያውቀውም። ትንሽ አመነታና "መሬት ላራሹ ይላል" አለ። ሁለተኛው ጽሕፈት ሲመጣም "አንድነት ኃይል ነው ይላል" አለ። ሦስተኛው የመጣው ኮረዳዋ መስኮት ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ነው።

ሀጀራ ከዚህ በላይ መቻል አልቻለችም። "ልጄ፣ ይህች ልጅ እንባዋ እንዲህ እየወረደ 'መሬት ላራሹ' ነው የምትለው?"

"እና ምን ትላለች?" አለ ንጉሡ፣ ላቡን እየጠረገ።

"ቁጭ በል፤ እኔ ልንገርህ።" ከበርጩማዋ ተነሣች። "ምን ትላለች? 'አባቴ ለዚህ ለሽማግሌ ሊድረኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ልቤ ሌላ ዘንድ ነው' ትላለች። ሽማግሌው ክፉ ሆኖ አይደለም። ቡችላ ይወዳል። ግን እስቲ እዩት፣ ጺሙን ለማቆም ቅቤ ስንት ይፈጃል? ይህን ሲቀቡ መኖር ነው ጣጣው!"

ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ማን ያቁመው፣ ሀጀራንም ማን ያቁማት! አባትየው አፉን ሲከፍት በወፍራም ድምፅ ትቆጣለች፤ ኮረዳዋ ስታንገራግር ታለሳልሳለች፤ ቡችላው ሲጮኽ ትጮኻለች። ልጅቷ የምትወደው ጎልማሳ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ኮቱ ያረጀ፣ ብቅ ሲል ሴቱ ሁሉ "ማሻአላህ!" አለ። ንጉሡ ዱላውን ጥሎ ከልጆቹ ጋር ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ጎልማሳው ሊሄድ ሆነ። አንድ ትልቅ ቤት የሚያህል መርከብ ባሕሩ ላይ ቆሟል። በጧት፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ወደ ኋላው እያየ ወጣበት። ኮረዳዋ እየሮጠች ስትደርስ ውኃው ብቻ ነው ያለው። እጇን ዘረጋች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ሕዝቡ ጠበቀ።

"ምን አለች?" አለች ወርቂቱ።

"'ሳትሰናበተኝ ሄድክ?' አለች" አለች ሀጀራ። ድምፁ የኮረዳ ድምፅ አልነበረም። "'አትሂድ አላልኩህም? ያለንን ተቃምሰን እንከርማለን አላልኩህም?'"

እዚያ ካለው ሰው ይህን ነገር የማያውቅ ከዘማቾቹና ከፈንታው በቀር የለም። ሀጀራ ራሷ ያለችው የገባት ካለችው በኋላ ነው። ጆሮዋ ጋለ። ዞራ ልትቀመጥ ስትል፣ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ የሻከረ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

"'ብሰናበትሽ መሄድ እችል ነበር?'"

ማንም ዞሮ አላየም። ሁሉም ዓይኑን አቡጀዲው ላይ ተከለ።

"ማነው የተናገረው?" አለ ንጉሡ።

"ዝም በል፤ ጎልማሳው ነው" አለችው ወርቂቱ።

ሥዕሉ ቀጠለ። ወራት አለፉ። ኮረዳዋ ጥቁር ለበሰች፤ ሽማግሌው ጺሙን አቁሞ አበባ ይዞ ተመላለሰ፤ የሠርጉ ልብስ ተሰፋ። በሠርጉ ዋዜማ ጎልማሳው መጣ። አዲስ ኮት ለብሶ የግቢው በር ላይ ቆመ። ኮረዳዋ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች በበሩ ብረት መካከል አየችው። ሁለቱም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ሀጀራ ጉሮሮዋን ጠረገች። "'የት ነበርክ?' ትለዋለች።"

"'ክረምቱ ቀድሞ ገባብኝ' ይላል" አለ ድምፁ። "'እህሉን ጭኜ ዓባይ ስደርስ ሞልቷል። ነገ ይጎድላል ብዬ ባድር ባሰበት። በችኮላ ስገባበት በቅሎዎቹን ከነጭነታቸው ወሰዳቸው።'"

በባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ዓባይ ከየት መጣ ያለ ሰው አልነበረም።

"'ሦስቱንም?'"

"'ሦስቱንም። ዳማዪቱን በአንገቷ ይዣት ነበር፤ አልቻልኩም። ከዚያ የበረሃው ወባ ጣለኝ። ስነቃ የማላውቀው ቤት ነኝ።'"

ሀጀራ ወደ ጨርቁ ተጠግታ የጎልማሳውን ኮት በጣቷ ነካችው። ጥላዋ ሙሽራዪቱ ላይ አረፈ። "'ኮቱንስ ማን ሰፋልህ?'"

"'ጋቢውን ነው?'" አለ ድምፁ ተሳስቶ። ከዚያም "'አንዲት አሮጊት አስታመሙኝ። ልጃቸው በዚያው ዓመት ሞቶባቸዋል። የፈተሉለትን ሳይለብሰው። ብርድ ይዞኝ ሲያዩ አለበሱኝ'" አለ።

"'እና ይህን ለመናገር አፍ የለህም?'"

"'ባዶ እጄን ነበርኩ' ይላል። 'ከተማው ሰው ሲቀብር ከርሞ፣ እኔ እህል አመጣለሁ ብዬ ወጥቼ፣ ባዶ እጄን። ምን ብዬ ልናገር?'"

ሙሽራዪቱ እጇን ወደ በሩ መዝጊያ ሰደደች። ልትከፍት ይሁን ልታጠብቀው አይታወቅም፤ በዚያው ቅጽበት ጨርቁ ባዶ ነጭ ሆነ።

ጩኸቱ አይጣል ነው! "ቀጥል!" "ከፈተችለት?" "ሽማግሌውስ?" ፈንታው ሁለት እጁን ዘርግቶ "ይኸው ነው፤ የመጨረሻው ጥቅል የለም። እኔም አይቼው አላውቅም" አለ። የመሬት አዋጁን ማንም አላነሣውም። በሩ ሲከፈት አህመድ ከሁሉ ቀድሞ ወጥቶ ሄዷል። ሀጀራ አቡጀዲዋን አጣጥፋ፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ፣ ቤቷ ገባች።

ያን ሳምንት የከተማው ወሬ ሌላ አልነበረም። ወደ ደሴ የሚመልሰው መንገድ በዝናብ ተቆርጦ ፈንታው መሄድ ስላልቻለ ሕዝቡ "ድገመው" አለ። ንጉሡ ደግሞ በየቀኑ ሀጀራ ሱቅ እየመጣ ይከራከራል።

"እትዬ፣ ደግመው ሲያወሩት በሽማግሌው ላይ ጭሰኞቹ እንዲነሡ ያድርጉልኝ።"

"ጭሰኛ የት አየህ? ያለው አንድ ቡችላ ነው።"

"እሺ፣ ልጅቷ ቢያንስ በሠርጉ ላይ ስለ ሴቶች እኩልነት ትናገር።"

"እሱን እሞክርልሃለሁ" አለችው፣ አሳዘናትና።

ሐሙስ ዕለት አህመድ መጣ። ከተፋቱ ወዲህ ሱቋን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ወርቂቱ ጎረቤት ሆና ጆሮዋን ብቻ ልካለች። አህመድ አንድ ጥቅል ጨርቅ ላይ እጁን አሳረፈ።

"ያ ልጅ" አለ።

"የቱ ልጅ?"

"የፊልሙ። እውነቱን ይመስልሻል?"

ሀጀራ መቀሷን አስቀመጠች። "እውነቱን ይሆናል። ቂል ነው እንጂ ውሸታም አይመስልም።"

"ልጅቷስ? ሽማግሌውን ትወስደዋለች?"

"ሽማግሌ ቢኖር ኖሮ" አለች ሀጀራ፣ "ጥሩ ነበር። ጺም የሚያቆምላት ሰው አልመጣም።"

አህመድ ሳቅ አመለጠው። እሷም ልትስቅ ሆነና ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። "ነገር ግን እህል ሳይሆን እሱን ነበር የምትጠብቀው" አለች ለጨርቁ። "ይህን አላወቀም።" ስትዞር ሄዷል።

ሁለተኛው እሑድ ከመጀመሪያው የባሰ ሞላ። ቀድሞ ያየው ላላየው እያስረዳ፣ ቡችላው ሲመጣ አብሮ እየጮኸ፣ ነገሩ ሠርግ ቤት መሰለ። ሀጀራ ለንጉሡ ቃሏን ጠብቃ ኮረዳዋን "ሴትም ሰው ናት!" አስባለቻት፤ ንጉሡ ብቻውን አጨበጨበ። አህመድ ዛሬ ከበሩ አጠገብ አይደለም፤ ከልጆቹ ኋላ፣ ከፊት ነው የተቀመጠው።

ሙሽራዪቱ የግቢው በር ላይ ስትደርስ ማሽኑ እንቅ ብሎ ቆመ። ፊቷ ጨርቁ ላይ ተገትሮ ቀረ። ከዚያ ጉንጯ ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ ወጣች። ነጥቧ ሰፋች።

"ፊቷን ምን ነካት?" አለች ወርቂቱ።

"ውጡ!" አለ ፈንታው። ያ የማይሰማ ድምፅ የጣሪያውን ቆርቆሮ አስጮኸው። "ተቃጠለ! ሁላችሁም ውጡ!"

ከማሽኑ ላይ ነጭ እሳት ቦግ ብሎ ተነሣ። ሰው በአንድ በር ተግተልትሎ ወጣ፤ ዘማቾቹ ልጆቹን ሁለት ሁለት እያነጠለጠሉ አወጧቸው። ጭሱ ይከረፋል። ሀጀራ ግን ወደ ግድግዳው ዞራ ሚስማሩን ትታገላለች።

"ሀጀራ! ተይው!"

"ጨርቄን!"

"ሀጀራ!"

"አንድ ሚስማር ነው የቀረው!"

አህመድ ከዚያ በላይ አልተነጋገረም። ወገቧን ይዞ ብድግ አደረጋትና ትከሻው ላይ ጫናት። አቡጀዲው ጫፉ ተቀድዶ አብሮ መጣ። እሷ በአንድ እጇ ጨርቁን ይዛ፣ በሌላው ጀርባውን እየደበደበች፣ ነጭ ጨርቅ ከኋላቸው እየተጎተተ፣ የከተማው ሕዝብ በሙሉ ቆሞ እያየ፣ ከጭሱ ውስጥ ወጡ።

ወርቂቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ሰዎች፣ እዩ! አህመድ እህሉን ይዞ ገባ!"

እንደዚያ ያለ ሳቅ መካነ ሰላም ከክፉው ቀን ወዲህ አልሰማችም። አንዳንዱ እየሳቀ ያለቅስ ነበር።

"አውርደኝ" አለች ሀጀራ ከላይ። "ሰው እያየ ነው።"

"ሰው ካየን ቆየ።"

"ቀስ ብለህ፣ ጨርቁ ጭቃ እንዳይነካው።"

ቀስ ብሎ አወረዳት። ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለችና፣ ያለ ፊልም፣ ያለ ኮረዳ፣ በራሷ አፍ "አህመድ፣ ግንባርህ በላብ ርሷል፤ ጥረገው" አለችው።

የመጋዘኑ ወለል ሲሚንቶ ስለነበር እሳቱ የሚይዘው አጥቶ ቶሎ ሞተ። ሰው አልተጎዳም፤ የፈንታው አንድ ቅንድብ ብቻ ተለበለበ። ፊልሙ ግን ጥቅል በጥቅል ነድዶ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ቀረ። ፈንታው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆርቆሮውን ያገላብጣል።

"ሌላ የለም?" አለችው ሀጀራ።

"ደሴም፣ አዲስ አበባም፣ አስመራም ጠይቄያለሁ። ያን መጨረሻ አገኝ ብዬ። እንዲህ ያለ ፊልም አለ የሚለኝ ሰው እንኳ አላገኘሁም።"

ሀጀራ "ና፣ እህል ቅመስ" አለችውና ወደ ቤቷ ወሰደችው። አህመድ ሳይጠራ ተከተላቸው።

ሼኹ ነገሩን መርምረው፣ የፈታት አንድ ጊዜ ብቻ ነውና በአዲስ ኒካሕ መጋባት ይችላሉ አሉ። በሰኔ መጀመሪያ ኒካሑ ታሰረ። ፈንታው መንገዱ ተከፍቶለት እያለ ለዚሁ ሲል ጥቂት ቆየ፤ ንጉሡም ተጋብዞ ስለ ጋብቻ እኩልነት አጭር ንግግር አደረገ፤ ሰዉ በትዕግሥት ሰማው። ከዚያ በኋላ የመሬት አዋጁን በቃሉ በየቀበሌው እየዞረ ሲያስተምር፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ገበሬው ሁሉ እጁን አውጥቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ሙሽራዪቱ በሩን ከፈተች ወይስ አልከፈተችም? ንጉሡ መጀመሪያ ይቆጣ ነበር። በኋላ ግን "ከፈተች" ማለት ጀመረ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ አህመድ ከዘመዶቹ አንዲት በቅሎ ተውሶ ወደ ወረኢሉ ሊሄድ ተነሣ። ጎህ ሳይቀድ ጭነቱን አጠበቀ፤ ኮቴዋ እንዳይሰማ በቀስታ ሳብ አድርጎ ከግቢው ሊወጣ ሲል፣ ሀጀራ ጫማዋን አድርጋ፣ ስንቋን ቋጥራ፣ ጃንጥላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኛት።

"ወዴት ነው?" አላት።

"ወረኢሉ። የጨርቅ ዋጋ ልጠይቅ።"

"ሱቁስ?"

"ወርቂቱ ታየዋለች። ይልቅ የበቅሎዋን ጭነት እየው፤ ወደ ግራ አዘንብሏል።"

አህመድ ጭነቱን አየ። አላዘነበለም። ቢሆንም ፈትቶ እንደገና ጫነው፤ እሷ ከፊት፣ እሱ በቅሎዋን እየሳበ ከኋላ፣ ስለ ጭነቱ እየተጨቃጨቁ ቁልቁለቱን ወረዱ።